«ለቁም ነገር ቀን» ያስቀመጣችሁት ጠርሙስ

ቤታችሁ ቡፌ ካለ አሁኑኑ ሄዳችሁ እዩት። ከሰርግ ከተረፈው የብርጭቆ ስብስብ ጀርባ፣ ከልጆቹ የምረቃ ፎቶ አጠገብ፣ አንድ የወይን ጠርሙስ ቆሟል። ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣው ነው፤ ወይም ለገና የተሰጣችሁ ስጦታ። አቧራው በየሳምንቱ ይወለወላል፤ ጠርሙሱ ግን አይከፈትም። ለምን ተብላችሁ ብትጠየቁ መልሱ አንድ ነው፦ «ለቁም ነገር ቀን ነው።»

የዛሬው ጽሑፌ ከዚህ መልስ ጋር የተገጠመ ጠብ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡና እያስፈላችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ራሴን ልክሰስ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ የልጅነት ጓደኛዬ ጣሊያን ሥልጠና ላይ ቆይቶ ሲመለስ አንድ ቀይ ወይን ይዞልኝ መጣ። ማታ ነበር፤ ሳይደውል ነው የመጣው። ፌስታሉን አቀበለኝና «መክፈቻ አለህ?» አለኝ። እኔ ጠርሙሱን ወደ መብራቱ አነሣሁት፤ የማላውቀውን ቋንቋ የማውቅ መስዬ ጽሑፉን አየሁት፤ ከዚያ «አንተ! ይሄማ ለቁም ነገር ቀን ነው» ብዬ ቡፌ ውስጥ አቆምኩት። እሱን ይዤ ሰፈር ግሮሰሪ ወጣሁ። ድራፍት ጠጣን። ስድስት ሰባት ሰው ተቀላቀለን፤ ኳስ ተወራ፤ ሒሳቡን እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል እየተባባልን ተጓተትን፤ ተለያየን።

ጠርሙሱ ቁም ነገር ሲጠብቅ ስንቱ ቁም ነገር አለፈ! ልጄ ክርስትና ተነሣች፤ «እንግዳው ብዙ ነው፣ አንድ ጠርሙስ ለማን ይደርሳል?» ተባለ። ቤት ቀየርን፤ «ዕቃው ገና አልተፈታም» ተባለ። የሥራ ዕድገት አገኘሁ፤ ጾም ነበር። በመሀሉ ጓደኛዬ አገር ለቆ ሄደ።

ባለፈው ዓመት እናቱ አርፈው ለለቅሶ መጣ። ከሠልስቱ በኋላ አንድ ማታ ብቻውን እኔ ቤት መጣ። ዛሬ ካልተከፈተ መቼ ሊከፈት ነው ብዬ ጠርሙሱን አወረድኩት። ቡሹ እንደ ደረቅ ዳቦ ፍርፍር አለ። የቀረውን ወደ ውስጥ ገፍተን ወይኑን በሻይ ማጥለያ አጠለልነው። ቀለሙ ቡናማ ሆኗል። ቀመስነው፤ አቼቶ! ተያይተን ሳቅን። «ለሰላጣ ይሆናል» አለ።

ትንሽ ዝም ካለ በኋላ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ያን ቀን ልንጠጣው ነበር እኮ ያመጣሁት። የቅጥር ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። ልሂድ ወይስ ልቅር ብዬ ላማክርህ ነበር። ግሮሰሪ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ እንዴት ላነሣው?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ያበላሸሁት ወይኑን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

*

ቡፌው መቃብር ነው

ብዙዎቻችን ስለ ወይን የምናውቀው አንድ ነገር ቢኖር «በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል» የሚለውን ነው። ይህ እምነት ስንቱን ጠርሙስ እንደገደለ እግዜር ይወቀው። እውነቱ ሌላ ነው። በዓለም ላይ የሚጠመቀው አብዛኛው ወይን የሚሠራው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ነው። ለአሥርና ለሃያ ዓመት የሚቀመጠው ጥቂቱ ነው። ለዚያም የራሱ ሁኔታ ያስፈልገዋል፦ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የማይዋዥቅ ቅዝቃዜ፣ ጨለማ፣ ደግሞም ቡሹ እንዳይደርቅ ጠርሙሱ በጎኑ መተኛት አለበት።

አሁን ወደ ቡፌያችሁ ተመለሱ። ጠርሙሱ ቆሟል። ከሰዓት በኋላ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ያገኘዋል። ከጎኑ ቴሌቪዥኑ ሙቀት ይተፋል። ቡሹ ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ አየር ይገባል፤ ወይኑ ወደ አቼቶ ጉዞ ይጀምራል። እናንተ ግን ጠርሙሱ ውጪው ስለሚያብረቀርቅ ውስጡም ደኅና ይመስላችኋል። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ይባላል፤ የወይን ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ጠርሙሱ ሳይነቃ ወይኑ ይሞታል።

ስለ ቁም ነገር ቀን የሚከራከረኝ ሰው ቃና ዘገሊላን ይጥቀስልኝ። ጥር 12 በየዓመቱ የምናከብረው ነው። በዚያ ሰርግ ላይ የወይን ጠጁ ባለቀ ጊዜ መልካሙ ወይን መጣ፤ አሳዳሪውም መልካሙ እስከዚያ ሰዓት በመቆየቱ ተደነቀ። ልብ በሉ፤ ያ መልካም ወይን ወዲያው ተቀድቶ ተጠጣ። «ይሄማ ለሌላ ቀን ነው» ብሎ ጋን ውስጥ ያስቀረ የለም።

*

ዋጋው ምላስ የለውም

ከቡፌው ቀጥሎ ያለው ጠላት የዋጋ አምልኮ ነው። ላውንጅ ገብታችሁ አይታችሁታል። ጠርሙሱ አፉ ላይ ብልጭታ ተሰክቶበት፣ ሙዚቃው ከፍ ብሎ፣ በአስተናጋጆች ታጅቦ ይመጣል። ሁሉም ስልኩን ያወጣል። ጠርሙሱ ይቀረጻል፤ ስሙ በደንብ እንዲነበብ ወደ ካሜራው ይዞራል። ከዚያ በበረዶ ተሞልቶ ይጠጣል። በማግስቱ «እንዴት ነበር?» ብትሉ የሚነገራችሁ ጣዕሙ አይደለም፤ ሒሳቡ ነው።

ይህ የእኛ አገር በሽታ ብቻ ነው እያልኩ አይደለም፤ ጥናትም አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች 20 ሰዎችን የአንጎል መመርመሪያ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ወይን አቀመሷቸው። አንዱን ወይን አንድ ጊዜ «10 ዶላር ነው» ሌላ ጊዜ «90 ዶላር ነው» ብለው ሰጧቸው። ወይኑ ያው ነው። ሰዎቹ ግን 90 ዶላር የተባለውን አስበልጠው ወደዱት። ማሽኑም ደስታን የሚመዘግበው የአንጎል ክፍል ይበልጥ ሲሠራ አሳየ። እንግዲህ ዋጋው አንደበትን ብቻ ሳይሆን ደስታንም ይመራል ማለት ነው። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ6,000 በላይ ቅምሻዎችን መረመረ። ሁሉም የተካሄዱት ስምና ዋጋ ተሸፍኖ ነው። ሙያው የሌላቸው ሰዎች ውዱን ወይን ከርካሹ አስበልጠው አልወደዱትም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ያነሰ ነው የወደዱት።

«እኛ አናውቅ ይሆናል እንጂ ባለሙያዎቹ ያውቃሉ» ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2001 በቦርዶ 54 የወይን ሳይንስ ተማሪዎች ሽታ በሌለው ማቅለሚያ የቀላ ነጭ ወይን ተሰጣቸው። ሽታውን የገለጹት ቀይ ወይን በሚገለጽባቸው ቃላት ነበር። ዓይናቸው አፍንጫቸውን አሸነፈው። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1976 ፓሪስ ላይ እንግሊዛዊው የወይን ነጋዴ ስቲቨን ስፐሪየር ስም የተሸፈነበት ቅምሻ አዘጋጅቶ ነበር። ውጤታቸው የተቆጠረው ዘጠኙ ዳኞች ፈረንሳውያን ናቸው። በቀዩም በነጩም አንደኛ የወጡት ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠራቸው የካሊፎርኒያ ወይኖች ሆኑ። ዳኞቹ ስሙን ቢያዩ ኖሮ እንዲህ ይፈርዱ ነበር? እኔ አይመስለኝም።

ሐሰተኛውን ደግሞ አንርሳ። ሩዲ ኩርኒያዋን የሚባል ሰው ተራ ወይን እየቀላቀለ፣ በታላላቅ ስሞች እየለጠፈ፣ ለአሜሪካ ሀብታሞች ሲሸጥ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሥር ዓመት እስራት ተፈረደበት። ገዢዎቹ የገዙት ስም ስለነበር ስም ሸጠላቸው። ወይን የሚገዛ ሰው ፈልጎ ቢሆን ኖሮ ገበያው ይህን ያህል አይደራለትም ነበር።

*

«የፈረንጅ ነገር ነው»

ሦስተኛው ተቃውሞ ከወዳጆቼ ነው የሚመጣው። «ማሽተት፣ ማንቀርቀብ፣ አፍ ውስጥ ማንከባለል፤ ይሄ የፈረንጅ ጉራ ነው። እኛ ጠጥተን እንነሣለን» ይሉኛል።

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ራስን አለማወቅ ነው።

ቡና ሲቆላ ጭሱ ወደ እያንዳንዱ እንግዳ ይቀርባል። እንግዳውም በእጁ ወደ ራሱ ስቦ ያሸታል፤ ያመሰግናል። ይህ ምንድን ነው? ማሽተት ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን ከአንድ ጀበና ሦስት ዓይነት ጥንካሬ በተራ እንቀምሳለን። ይህስ? የተወጠነ ቅምሻ ነው። «ይሄ የሐረር ነው፤ ይሄ የይርጋጨፌ ነው» የሚሉ እናቶች ሞልተውናል፤ የትም አልተማሩትም። በድሮው ግብር ደግሞ ጠጅ አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ከመዳፉ ላይ ጥቂት አፍስሶ ይቀምስ ነበር። መርዝ የለበትም፣ እኔም ከአንተ ጋር ነኝ ማለቱ ነው። በጓደኝነት መቅመስን ከእኛ በላይ ማን ያስተምራል?

ወይንም ቢሆን የፈረንሳይ ርስት አይደለም። እስካሁን ከተገኙት ሁሉ ጥንታዊ የሆነው የወይን ጠመቃ ማስረጃ 8,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሸክላ ስባሪ ነው፤ የተገኘውም ጆርጂያ ውስጥ ነው። ጆርጂያውያን እስከ ዛሬ ድረስ ወይናቸውን ክቬቭሪ በሚሉት፣ አንገቱ ድረስ መሬት ውስጥ በተቀበረ ትልቅ እንስራ ይጠምቃሉ። ዩኔስኮም ይህን ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2013 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። በማዕዳቸው ላይ ታማዳ የሚባል ሰው አለ። እሱ ስለ ሟቾች፣ ስለ ወላጆች፣ ስለ ወዳጅነት ተናግሮ ሳይጨርስ ጽዋው አይነሣም። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ይመስላችኋል? እኔ የአያቴን ቤት ነው ያስታወሰኝ።

የራሳችንም አለን። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ፣ ካስቴል ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ያመርታል። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ለገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ አባቶቻችን በዓል በመጣ ቁጥር የሚገዟቸው ጉደርና አክሱማይት ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ከሁሉም በላይ ጠጃችን አለ። ማር፣ ውኃና ጌሾ፤ ሌላ ምንም። ዛሬ በየጠጅ ቤቱ በስኳር የሚጠመቅ፣ በቀለም ቢጫ የተደረገ ነገር «ጠጅ» ተብሎ ይሸጥልናል፤ ዝም ብለን እንጠጣለን። ለምን? መቅመስ ስላቆምን ነው። ሳይቀምስ የሚጠጣ ሕዝብ ምንም ቢያቀርቡለት ይቀበላል። ነጭ ማር ከቢጫ ማር የሚሰጠውን ጠጅ ልዩነት የሚያውቅ ምላስ ከጠፋ እውነተኛውን የሚጥል ጠማቂም ይጠፋል። ይህ ጉራ አይደለም፤ ኪሳራ ነው።

*

ለምን ቤት? ለምን አንድ ጓደኛ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ጥሩ ወይን የሚጠጣበት ትክክለኛው ቦታ ቤት ነው፤ ትክክለኛው ቁጥርም ሁለት ነው፤ ቢበዛ አራት።

አንደኛው ምክንያት ሒሳብ ነው። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ለሃያ እንግዳ አይበቃም፤ ለሁለት ሰው ግን ይተርፋል። ሆቴል ውስጥ ደግሞ ለዚያው ጠርሙስ ከሱቅ ዋጋው በላይ የወንበሩን፣ የመብራቱንና የሙዚቃውን ትከፍላላችሁ።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥብኛል። ላውንጅ ውስጥ አንድ ሰው የጋበዛችሁን ውድ ወይን «አልጣመኝም» ማለት አትችሉም። ነውር ነው፤ ጋባዡን ማዋረድ ነው። ስለዚህ ትዋሻላችሁ። አለቃችሁ «እንዴት ነው?» ሲል «ዋው» ትላላችሁ። ቤት ውስጥ፣ ከጓደኛችሁ ጋር፣ ጫማ አውልቃችሁ ስትቀመጡ ግን «ኧረ ይሄ ነገር የረጠበ ካርቶን ነው የሚሸተው» ማለት ይቻላል። እሱም «አንተ አፍንጫ የለህም» ይላል። ትከራከራላችሁ። እውነት የመናገር ልምምድ ከዚህ ትንሽ ነገር ይጀምራል። ስለ ብርጭቆው እውነቱን ከተነጋገራችሁ፣ በሦስተኛው ሩብ ሰዓት ላይ ስለ ትዳሩ፣ ስለ ዕዳው፣ ስለ ቅጥር ደብዳቤው ይነግራችኋል።

ድራፍት እየተጣደፈ ያልቃል፤ ሌላ ይታዘዛል። ጥሩ ወይን ግን ያስጠብቃል። መጀመሪያ ሲከፈት ዝግ ያለ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላ ሽታ ያወጣል። ጓደኛም እንዲሁ ነው፤ ገና ከበር እንደገባ አይከፈትም።

*

የሚነሡብኝ ተቃውሞዎች

«አልኮል ይጎዳል።» አዎ፣ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ለጤና ምንም ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ብሎ በግልጽ ተናግሯል። በወይን ስም ይህን የሚሸፋፍን ሰው ካያችሁ ሻጭ ነው። የማይጠጣ ሰው ይህን ጽሑፍ አንብቦ እንዳይጀምር። መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ መኪና የምትነዱ፣ ከመጠጥ ጋር ትግል ላይ ያላችሁ፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ፤ የጻፍኩት ሁሉ ለቡናም ለማርም ይሠራል። የምንጠጣው ግን አንድ ነገር እናስተውል፦ የሚቀምስ ሰው ቀስ ይላል፣ ይበላል፣ ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ያቆማል። ቀሪው በቡሹ ተከድኖ ፍሪጅ ቢገባ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ጓደኛችሁንም በታክሲ ሸኙት።

«ውድ ነው።» ነው፤ አልክድም። በዚህ የኑሮ ውድነት ስለ ወይን ማውራት ራሱ ያሳፍራል የምትሉም ትኖራላችሁ። እኔ ግን ግዙ አላልኩም፤ ያላችሁን ክፈቱ ነው ያልኩት። ከሌላችሁ ደግሞ ለሁለት አዋጡ። በወር ሦስት ጊዜ ግሮሰሪ የምትከፍሉትን ደምሩትና እንነጋገር።

«ብቻችንን ብንጠጣው ለሌላው እንግዳ ምን እናቀርባለን?» ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚለውን ተረት አውቀዋለሁ። ግን ለሁሉም ያስቀመጣችሁት ጠርሙስ ለማንም አልደረሰም። ለአንድ ሰው የደረሰ ይሻላል።

*

እንዲህ አድርጉ

ሁለት ጠርሙስ አዘጋጁ፤ አንድ የአገር ውስጥ፣ አንድ የውጭ። ወይም ከጠጅ ቤት የመጣ ጠጅና እትዬ የጠመቁት ጠጅ። አንዳችሁ በጋዜጣ ጠቅልሉት፤ ሌላው አይይ። ቀዩን ከመክፈታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ አስገቡት፤ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሲሆን ነው ጥሩ። ነጩ ይበልጥ ይቀዝቅዝ። ብርጭቆውን ሲሶ ብቻ ሙሉት። አሽትቱ። ቅመሱ። እንደ ከረረ ሻይ ድድ ላይ የሚይዘው፣ አፍ የሚያደርቀው ታኒን ይባላል፤ ከጥብስ ጋር ሲሆን ይለሰልሳል። በርበሬ የበዛበት ወጥ ካለ ደግሞ ደረቁ ወይን ያቃጥላችኋል፤ ከዶሮ ወጥ ጋር ጣፈጥ ያለውን ብትመርጡ ማንም ሊስቅባችሁ አይገባም። ምላሳችሁ ልክ ነው።

ከዚያ እያንዳንዳችሁ የመረጣችሁትን ሳትነጋገሩ ወረቀት ላይ ጻፉ። ጋዜጣውን ግለጡ። ተገርማችሁ ትስቃላችሁ።

ስልኩን ግን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ጠርሙሱ ፎቶ አይፈልግም።

*

ጓደኛዬ ከመመለሱ በፊት በነበረው ቅዳሜ አንድ ተራ የዝዋይ ሜርሎ ገዝቼ ጠራሁት። በሩን ሲገባ ከፈትኩት። እሱ «እንጆሪ ይሸታል» አለ፤ እኔ «ብረት ነው የሚሸተኝ» አልኩ፤ አልተስማማንም። ከዚያ ስለ እናቱ አወራን፤ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት። ያኔ ልሂድ ወይስ ልቅር ብሎ ቢጠይቀኝ ምን እመልስለት እንደነበርም ጠየቀኝ። «ቅር እልህ ነበር» አልኩት። «እኔም እንደዚያ እንድትለኝ ነበር የመጣሁት» አለኝ።

ሄዷል። ቡፌዬ ውስጥ አሁን ብርጭቆ ብቻ አለ።

እናንተስ ለማን ነው ያስቀመጣችሁት? ያ ሰው ስልክ ቁጥሩ ካላችሁ ዛሬ ማታ ደውሉለት።